ከአንዲት ጠብታ እንጀምር

ባለፈው ሳምንት ከእራት በኋላ ጥቂት ጓደኞች ተሰብስበን ስንጫወት አንድ የፊዚክስ ተማሪ ያነበበውን ነገር አወራልን። ወሬውም በሰው ጆሮ ወይም አንጎል ውስጥ ስለሚተከሉ፣ ከጠጕር ስለማይወፍሩ መብራቶችና በመብራቶቹ ላይ ስለሚቀመጡ የፖሊመር ሌንሶች ነበር። ፖሊመር ማለት ፕላስቲክን፣ ሲሊኮንን፣ ሙጫን የመሰለው ዘር ሁሉ ነው። ጓደኛችን ነገሩን ሳይጨርስ ሳቅ ተነሣ። «በጉና ግርጌ ያለው ገበሬ ገና በኩራዝ ያመሻል፤ አንተ በአንጎል ውስጥ መብራት ልታበራ ነው?» አለው አንዱ። ልጁም አፍሮ ዝም አለ፤ ጨዋታውም ወደ ፈተና ወሬ ዞረ።

ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። ሌሊቱን ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ አንድ አሳብ ተሸሽጎበታል። ይኸውም፣ ረቂቅ ጥበብ የሌላ አገር ሰው ሥራ ነው፤ የእኛ ድርሻ ተሠርቶ ሲመጣ መቀበል ነው የሚል ነው። ይህ አሳብ ትክክል መስሎ ስለማይታየኝ በዚህች ገጽ ላይ ልከራከረው ተነሥቻለሁ። ቀልደኛው ወዳጄም በሚቀጥለው ቍጥር መልስ ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ በሌላ ክፍል ለሚማሩ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። ነርቭን በኤሌክትሪክ መቀስቀስ እንደሚቻል ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በውስጥ ጆሮ የሚተከለው መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክ በአካላችን ፈሳሽ ውስጥ ስለሚበተን አንዱን ነርቭ ከጎረቤቱ ለይቶ መንካት ያስቸግራል። ስለዚህ መሣሪያው ከ12 እስከ 24 የሚደርሱ የኤሌክትሪክ ጫፎች ብቻ ይዞ፣ የሰውን ንግግር ቢያሰማም ዜማን አጥርቶ ማሰማት ይሳነዋል።

ብርሃን ግን ወደ አንድ ወገን ሊጠብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጀርመን ሊቃውንት በውኃ ውስጥ የሚኖር አንድ አረንጓዴ አልጌ ብርሃን ሲነካው የሚከፈት ፕሮቲን እንዳለው ገለጹ። በ2005 ኤድ ቦይደንና ካርል ዳይሰሮት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህንኑ ፕሮቲን ወደ ነርቭ ሕዋስ አስገብተው ነርቩን በብርሃን ብልጭታ ቀሰቀሱት። በ2021 ደግሞ በዘር በሚወረስ በሽታ ዓይኑ የጠፋ የ58 ዓመት ሰው፣ በዚህ ጥበብ ታክሞ በልዩ መነጽር እየታገዘ በጠረጴዛ ላይ ያሉ ዕቃዎችን ፈልጎ ለመንካትና ለመቍጠር መቻሉ ታትሞ ወጣ። የጀርመን ተመራማሪዎችም በውስጥ ጆሮ ውስጥ የሚገባ፣ በኤሌክትሪክ ጫፎች ፈንታ ትንንሽ መብራቶች የተደረደሩበት መሣሪያ እየሞከሩ ነው። ከመብራቶቹ አንዳንዱ ስፋቱ 60 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊሜትር ለ1000 ቢከፈል 60ው እጅ ማለት ነው።

እንግዲህ ሌንሱ ለምን አስፈለገ? የደብረ ታቦር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። የቡሄ ዋዜማ ማታ የምናበራው ችቦ ብርሃኑን ለሰማይም ለምድርም፣ ለወዳጅም ለጎረቤትም ይበትነዋል። ለበዓል ይህ መልካም ነው። በጨለማ መንገድ ላይ ድንጋይ ለመለየት ግን ችቦው ከእጅ ባትሪ ያንሳል፤ የእጅ ባትሪ ያላትን ጥቂት ብርሃን ሰብስባ ወደ ፊት ትልካለችና። ያች ትንሽ መብራት፣ ኤል.ኢ.ዲ. የምንላት፣ በባሕርይዋ ችቦ ናት። ከዚህም የባሰ ችግር አለባት። የተሠራችበት ጋሊየም ናይትራይድ የተባለው ነገር ብርሃንን አጥብቆ ስለሚሰብር፣ በአየር ውስጥ ብትቀመጥ ከ24 ዲግሪ ገደማ በላይ አጋድሎ ወደ ገጿ የደረሰ ጨረር ሁሉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይነጥራል። ስለዚህ ከተፈጠረው ብርሃን ብዙው መውጫ አጥቶ እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ሙቀት በቤት መብራት ላይ ብዙም አያሳስብም፤ በአንጎል ውስጥ ግን ጉዳት ያመጣል። በሰውነት ውስጥ የሚተከል ዕቃ በዙሪያው ካለው ሥጋ ከ2 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ እንዳይሞቅ ዓለም አቀፍ ደንብ ይከለክላል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን በመጨመር ብቻ ብርሃን ማብዛት አይቻልም። የቀረው መንገድ የተፈጠረው ብርሃን እንዳይባክን ማድረግ ነው። በመብራቷ ላይ ጉልላት መሰል ፖሊመር ቢቀመጥ ተይዞ ይቀር ከነበረው ብርሃን ከፊሉ መውጫ ያገኛል፤ የወጣውም ወደሚፈለገው ነርቭ ያቀናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከጀርመን ፍራይቡርግ የወጣ ሥራ በሌንሶችና የቀንድ ቅርጽ ባላቸው የብርሃን መሰብሰቢያዎች አማካይነት የሚወጣውን ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ እንደ ጨመረ አስታውቋል። ያው ኤሌክትሪክ፣ ያችው መብራት፤ የተጨመረው የፖሊመር ቅርጽ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። ይህች ሌንስ እንዴት እንደምትሠራ ሳነብ እጅግ ተደነቅሁ። እኔ የጠበቅሁት አልማዝ የሚቈርጥ መኪና ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በማለዳ ጓሮ ወጥቶ በጎመን ቅጠል ላይ ያረፈ ጤዛ ያየ ሰው፣ ጠብታዋ ክብ ሆና ከሥሯ ያለውን የቅጠል ሥር እንደምታጎላ ያውቃል። ጠብታዋን ማንም አልሞረዳትም፤ የውኃው ገጽ ራሱን ወደ ውስጥ ስለሚስብ ብቻ ነው የምትከበው። የሌንስ ሠሪዎችም ጥበብ ይኸው ነው። ፖሊመሩን በትንንሽ ዓምዶች መልክ ያቆሙታል፤ ከዚያ ያሞቁታል። ዓምዱ ሲለሰልስ እንደ ጧፍ ሰም ይቀልጥና ገጹ ራሱን ስቦ ጉልላት ይሆናል፤ ሲበርድም እንደዚያው ይረጋል። የሌንሷን ቍመት የሚወስነው የዓምዱ ውፍረትና ከፍታ ነው። ከዚያ ወዲያ በጉልላቶቹ ላይ ሲሊኮን አፍስሶ ቅርጻቸውን መቅዳትና በብዛት ማውጣት ይቻላል።

በማይክሮሜትር የሚለካውን ለመሥራት ንጹሕ ክፍልና ውድ መሣሪያ እንደሚያስፈልግ አልክድም። ነገር ግን የዚያው ጥበብ ታላቅ ወንድም የሆነው የሚሊሜትሩ ሌንስ በእኛ እጅ ሊሠራ የሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከተንጠለጠለ የሲሊኮን ጠብታ ሌንስ ሠሩ። በ2015 ደግሞ በአሜሪካ የሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲሊኮን በጋለ ገጽ ላይ እያንጠባጠቡ፣ በስልክ ካሜራ ላይ ተለጥፎ 120 ጊዜ ያህል የሚያጎላ ሌንስ አወጡ፤ የአንዱም ዋጋ 3 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነበር። ገጹ ይበልጥ ሲግል ጠብታው ሳይሰፋ ቶሎ ስለሚረጋ ይበልጥ ጉብ ይላል፤ ማጉላቱም ይጨምራል። የምጣድን ግለት በእጇ የምትለይ እናት ያሳደገችው ተማሪ ይህን ሥራ ሊፈራው አይገባም።

እዚህ ላይ ለቀልደኛው ወዳጄ አንድ ነገር ላስታውሰው። ገበሬው ገና በኩራዝ ያመሻል ያልኸው ለብዙ ቤት እውነት ነው። ነገር ግን ገበያ ወርደህ ገበሬው ለሌሊት መንገድ የሚገዛትን ርካሽ የእጅ ባትሪ ፈትተህ ተመልከት። በብዙዎቹ ውስጥ የምታገኛት ኤል.ኢ.ዲ. ራሷ ጉልላት ያለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ የለበሰች ናት። ያ ፕላስቲክ ጌጥ አይደለም፤ በአንጎል ውስጥ ካለችው መብራት ላይ የሚቀመጠው ሌንስ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ብርሃኑን ያወጣል፣ ወደ ፊትም ይሰበስባል። ስለዚህ ጥበቡ ከጉና ግርጌ ከደረሰ ቈይቷል። ያልደረሰው እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ነው።

የማወቁ ጉድለት ከወዴት መጣ ቢሉ፣ ከራሴ ልናገር። በተማርሁበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሌንስን ያየሁት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ ነው። ጨረሩ ከግራ ገብቶ በቀኝ ሲገናኝ አሥር ጊዜ ስያለሁ፤ በፈተናም ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ሌንስ በእጄ የነካሁት ግን አያቴ መነጽር ባደረጉ ጊዜ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። ስለ ነገሩ እናውቃለን፤ ነገሩን ግን አናውቀውም።

ይህ የእጅ ነገር ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ካለ የዓይን ሌንስን ታሪክ ይመልከት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይናቸው የገባባቸውን አብራሪዎች ያከመው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ፣ ያ ፕላስቲክ ዓይንን እንደማያስቈጣ ተገንዝቦ እ.ኤ.አ. በ1949 በለንደን የመጀመሪያውን የፖሊመር ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። ዛሬ የዓይን ሞራ ግርዶሽ የተገፈፈለት ሰው የሚያየው በዚሁ ዓይነት ሌንስ ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ከነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነበር።

የእነዚህ ሌንሶች ዋጋ በአንድ ወቅት ከ100 ዶላር በላይ ነበር። ድኻ አገር ይህን ከፍሎ ሕዝቡን ማሳከም እንዴት ይችላል? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሕንድ ማዱራይ፣ በኔፓል ካትማንዱ፣ በጎረቤታችንም በአስመራ ሌንሱን እዚያው የሚሠሩ ቤቶች ተቋቋሙ። ዋጋውም ከ10 ዶላር በታች ወረደ። ካትማንዱ የተራራ አገር ከተማ ናት፤ መንገዷም ሀብቷም ከእኛ ይበልጥ ነበር ለማለት አይቻልም። ልዩነቱ «ይህን እኛም መሥራት እንችላለን» ያለ ሰው መገኘቱና፣ ባለ እውቀት ወዳጅ ሲመጣ ሥራውን የሚቀበል የሠለጠነ እጅ መዘጋጀቱ ነው።

ነገሩን ለማሳመር ብዬ ግን ሐሰት አልጨምርም። በደቡብ ጎንደር ደጋ ብዙ ዓይን ያጠፋው ሌላው በሽታ ትራኮማ ነው። በዚያው በ1998 ዓ.ም. ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ውኃ፣ ፊት መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የሚታደለው መድኃኒትና ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ለዞረበት ሰው የሚደረገው ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው እንጂ ረቂቅ ሌንስ አይደለም። ትራኮማ የሚያጠፋው የዓይንን መስተዋት ስለ ሆነ፣ ከዓይን ጀርባ ያለውን ነርቭ በብርሃን መቀስቀስ ለዚህ ሰው አይጠቅመውም። እንግዲህ «በብርሃን መሣሪያ ዕውሮቻችንን እናበራለን» ብሎ ለገበሬ የሚሰብክ ተማሪ ቢነሣ ከቀልደኛው ጋር ሆኜ እስቃለሁ። የጤና ተማሪዎች ለፊት መታጠብ የሚያደርጉት ቅስቀሳ ከእኔ ሌንስ ይቀድማል።

ነገር ግን አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ውኃ ለመቅዳት የሄደች እጅ ማታ መጽሐፍ ትገልጣለች። አንድ ሕዝብ ችግሩን ሁሉ ጨርሶ ወደ ረቂቅ ጥበብ የገባበት ዘመን በታሪክ አይገኝም። ይህንንም ለመረዳት ከከተማችን ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት መሄድ ይበቃል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የሰበሰቧቸው የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎች አብዛኞቹ የወንጌል ሰዎች እንጂ የመድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ንጉሡ ግን ትልቅ መድፍ አዘዙ። ባለሙያዎቹና አብረዋቸው የሠሩት ኢትዮጵያውያን ተጨንቀው፣ ሞክረው፣ በመጨረሻ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ። በ1860 ዓ.ም. መድፉ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለትና በሰው ጉልበት እየተጐተተ፣ ከወራት ጉዞ በኋላ መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ ወድቆ ይገኛል። እኛም በየንግግራችን እንኮራበታለን።

እኔም እኮራለሁ፤ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። መድፉ መቅደላ ቀረ፤ ጥበቡስ የት ቀረ? በዚያው ዓመት ንጉሡ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ፤ የጋፋትም ምድጃ ጠፋ። ሥራው የተመሠረተው በአንድ ታላቅ ሰው ፈቃድና በጥቂት እንግዶች እጅ ላይ ስለ ነበር፣ እነዚያ ሲሄዱ ተከትሏቸው ሄደ። ሥራውን ቀጥሎ ለልጅ ልጅ የሚያስተላልፍ ትምህርት ቤት አልቀረም። የጋፋት ትምህርት ለእኔ «ትልቅ ነገር ሠርተን ነበር» የሚል አይደለም። እጅ ከእጅ ሳይቀበል የቀረ ጥበብ፣ ምንም ያህል ቢከብድ፣ ሐውልት ብቻ ሆኖ ይቀራል የሚል ነው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው 7 ቶን አይደለም፤ አንዲት ጠብታ ነው። ማኅበራችን ከገንዘቡ ጥቂት ከፍሎ አንድ ጠረጴዛ ቢያቋቁም፣ ከመምህሮቻችንም አንዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ቢሰጠን ይበቃል። የሚያስፈልገው ሁለቱ ተቀላቅለው የሚረጉት ጥርት ያለ ሲሊኮን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ቴርሞሜትር፣ ጥቂት የመስተዋት ስባሪ፣ አቧራ የሚከለክል ክዳን ያለው ሣጥንና የያንዳንዳችን ስልክ ነው።

ሥራውም በሦስት ይከፈል። አንደኛ፣ በአራት ልዩ ልዩ ግለት ላይ ሃያ ሃያ ጠብታ እናንጠባጥብ፤ የያንዳንዷን የትኵረት ርቀት በመስኮት ብርሃን ለክተን በግራፍ እንሣል። ሁለተኛ፣ ከአሮጌ ባትሪ ያወጣናትን ኤል.ኢ.ዲ. ጉልላቷን ሞርደን ጠፍጣፋ እናድርጋት፤ ከዚያ የራሳችንን ጠብታ እንጨምርላትና በፊትና በኋላ በአንድ ርቀት የሚደርሰውን ብርሃን እንለካ። ሊቃውንቱ በ60 ማይክሮሜትር የሠሩትን እኛ በ5 ሚሊሜትር ደገምነው ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ያችኑ ሌንስ ውኃ ውስጥ እናጥልቃት። ማጉላቷ ወዲያው ሲደክም እናያለን፤ ውኃና ሲሊኮን ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠን ተቀራራቢ ነውና። ያን ጊዜ በእርጥብ ሥጋ ውስጥ የምትቀመጥ ሌንስ ለምን የተለየ ፖሊመር እንደምትፈልግ ማንም ሳይነግረን ይገባናል። የፊዚክሱ ተማሪ ይለካ፤ የኬሚስትሪው ፖሊመሩን ይምረጥ፤ የጤናው ተማሪ ደግሞ ሌንሱን በስልኩ ላይ ለጥፎ ምን ሊያይበት እንደሚችል ይንገረን።

ከሁሉ በላይ አንድ መዝገብ ይኑረን። የተበላሸው ጠብታ ሁሉ ከነምክንያቱ ይጻፍበት። እኛ ተመርቀን ስንሄድ ተከታዮቻችን ከእኛ ስሕተት ይጀምሩ እንጂ ከባዶ አይጀምሩ። ጋፋት ያጣችው ይህን መዝገብ ነው።

አንዳንድ መምህሮቻችን «ይህ ለውጤታችሁ ምን ይጨምራል?» ይሉን ይሆናል። ለውጤታችን ምንም ላይጨምር ይችላል። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ ነገ በአገሩ የዓይን ሌንስ የሚሠራ ቤት ሲከፈት በሩን የሚያንኳኳ ባለሙያ ቢሆን፣ ሌላውም ነርቭን በብርሃን በሚያክም ቤተ ሙከራ ገብቶ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ቢቀመጥ፣ ጥቂት ቅዳሜዎች ውድ ዋጋ አይደሉም።

ያ ያፈረው ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ፣ ስለ ሳቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የመጀመሪያውን ጠብታ የማንጠባጠብ ክብርም ለእሱ ይሁን። ቀልደኛውም ይምጣ፤ ምድጃውን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገናል።

ከሣይንስ ተማሪዎች አንዱ